ፕሬድኒሶሎን በቀን 12 ፍሬ፦ የማዘዣ ስህተት ነው ወይስ ልክ?

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የ45 ዓመት ባጃጅ ነጂ ማዘዣ ይዘው መጥተዋል። ትናንት ጠዋት ሲነሱ ግራ ፊታቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ሻይ ሲጠጡ በከንፈራቸው ጥግ ይፈሳል፣ ዓይናቸውም አይከደንም። የታዘዘው ፕሬድኒሶሎን (እብጠት የሚያወርድ ስቴሮይድ) ባለ 5 ሚሊግራም፣ ጠዋት ጠዋት 12 ፍሬ ለ5 ቀን፣ ከዚያ እየቀነሰ ይላል። የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክም አለበት። ለአስም የለመድነው 8 ፍሬ ስለሆነ እጄ ተያዘ። እሳቸው ደግሞ «ምች ነው የመታኝ፣ ዳማከሴ ይበቃኛል» ይላሉ። ልስጥ ወይስ ልመልስ? ስትሮክ ቢሆንስ?

ጤና መኮንን

ስጪ እህቴ፣ መጠኑ ለቤልስ ፓልሲ፣ ማለትም ለድንገተኛ የፊት ነርቭ ሽባነት፣ ልክ ነው። 60 ሚሊግራም ለ5 ቀን፣ ከዚያ በየቀኑ 10 ሚሊግራም እየቀነሰ ይሄዳል፤ በፍሬ 10፣ 8፣ 6፣ 4፣ 2። ድምሩ 90 ፍሬ መሆን አለበት። 25 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ለ10 ቀን የሚያዙም አሉ፣ እሱም ያስኬዳል። የማያስኬደው «ክኒኑ በዛ» ተብሎ በቀን ሦስት ፍሬ ማስያዝ ነው። የፊት ነርቭ ከጆሮ በስተኋላ በጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ያልፋል፤ ሲያብጥ መስፊያ ስለሌለው እዚያው ይታነቃል። ክኒኑ መጀመር ያለበት ሕመሙ ከጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ነገ ተመለሱ አትበያቸው። ከቁርስ በኋላ ይዋጥ።

ስትሮኩን ግንባር ይነግርሻል። «ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ» በያቸው። በታመመው ጎን ግንባሩ ካልተሸበሸበ ችግሩ ነርቩ ላይ ነው። ግንባሩ በሁለቱም በኩል እኩል ተሸብሽቦ አፉ ብቻ ከተጣመመ ግን አንጎልን ጠርጥሪ፤ ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ጎን ትእዛዝ ስለሚያገኝ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ያሠራዋል። ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን እጅ ለ10 ሰከንድ ይዘርጉ። አንዱ ከወረደ፣ ሁለት ሁለት ከታያቸው ወይም ሚዛን ካጡ፣ ግንባሩ ምንም ይሁን ምን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «በ» እና «መ» ሲሉ ብቻ መቸገር ግን የከንፈር ነገር ነው፣ አያስደነግጥሽ።

ዲክሎፌናኩን ያዘዘውን ሰው ደውለሽ አሰርዢ፤ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ጨጓራ ያቆስላል። ለጆሮ ሥር ሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ስለ ምች አትከራከሪ። ከ10 ሰው ወደ 7 የሚሆነው ያለ መድኃኒትም ይድናል፣ የዳማከሴ ዝና ከዚያ የመጣ ነው። እኛ የምንታገለው ለቀሪዎቹ ሦስት ነው።

የዓይን ነርስ

ሁላችሁም ክኒኑ ላይ ናችሁ። አፉ ቢቆይም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ የደረቀ ኮርኒያ (የዓይን የፊት መስታወት) ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ በየአንድና ሁለት ሰዓቱ፣ ማታ ቅባት። የእንባ ቅባት ከጠፋ ቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት) ያገለግላል፤ ማየት ስለሚያደበዝዝ ግን ለሌሊት ብቻ። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርገሽ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ጨምሪ፣ የላይኛውን በጣት ክደኚው፣ መከደኑን አይተሽ ከቆቡ መሃል ወደ ጉንጭ አጥንት አግድም ፕላስተር ለጥፊ። ጎዝ ከላይ መጫን ስህተት ነው፦ ዓይኑ ከሥሩ ይገለጥና ጎዙ ኮርኒያውን ሲፈገፍግ ያድራል። ዴክሳ (ዴክሳሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ) ያለበት ጠብታ በጭራሽ አትስጪ። የዳማከሴ ጭማቂም ዓይን ውስጥ አይግባ።

ዓይኑ እስኪከደን ባጃጁን ያቁሙት። ለሂርማታ ሰፈር አቧራ ደግሞ መነጽር። ከቀላ፣ ካመመ ወይም ብርሃን ካስጠላ በዚያው ቀን ዓይን ክፍል።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ ጅማ

ግንባራቸው በግራ ጭራሽ አይሸበሸብም፣ እጃቸውም አልወረደም። ዲክሎፌናኩ ተሰርዟል። ግን ስኳር አለባቸው፣ ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። ይከለከላሉ?

ጤና መኮንን

አይከለከሉም፣ ስኳሩ ግን ከፍ ይላል። ጠዋት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን ከፍ የሚያደርገው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የባዶ ሆድ ልኬት ብቻውን ያታልላል፤ አመሻሹ ላይም ይለካ፣ ለሐኪማቸውም ይነገር። በባዶ እግር እርሻ የሚውል ሰው ቢሆን ኖሮ ስለ ስትሮንጊሎይድስም (በእግር ቆዳ የሚገባ የአንጀት ትል) እጠይቅ ነበር፤ ስቴሮይድ ትሉን በመላ ሰውነት ሊያሰራጨው ይችላል።

ጆሯቸውን እዪ። ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ካሉ የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ነው፤ አሲክሎቪር 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን ይጨመራል። መግል የሚወርድ ከሆነ ወደ አንገት በላይ ሐኪም። ቀስ በቀስ በሳምንታት የመጣ መጣመም ከሆነም ዕጢ እስኪጣራ ድረስ «ብርድ ነው» አይባልም።

ፊዚዮ

ብዙዎቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ መመለስ ይጀምራሉ፤ በሦስት ወር ምንም ካልታየ እንደገና ይመርመሩ። በኤሌክትሪክ ማነዘር አልመክርም። ማስቲካ ቀኑን ሙሉ ማኘክም ዋጋ የለውም፣ የማኘክ ጡንቻ ሌላ ነርቭ ነው የሚያዘው። መስታወት ፊት ቀስ ብለው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለ5 ደቂቃ ይሥሩ፣ ጤነኛውን ጎን በመዳፍ ያዝ አድርገው። ያለ ልክ ከተገፋ ነርቩ ሲመለስ መስመሩን ሊስት ይችላል፤ ፈገግ ሲሉ ዓይን ይጨፈናል። ያ ሲጀምር ኃይል የሚጠይቀው ይቁምና ከንፈር ብቻውን፣ ዓይን ብቻውን ይለማመዱ።