እጩው በእኛ ባነር ሥር ቆሟል፤ ገንዘቡን ልላክ ወይስ ላቁም?

ገንዘብ ያዡ (ሜሪላንድ)፦
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ትናንት ከደሴ ፎቶ ተላከልኝ። ለዊልቸር መግዣ ብር የምንልክለት የአገልግሎት ክለብ ወርሃዊ ስብሰባ ነው። ለምክር ቤት የሚወዳደር እጩ ማይክ ይዞ ቆሟል። ከጀርባው የእኛ ማኅበር ስም ያለበት ባነር ተሰቅሏል። የተጋበዘው የአንድ ፓርቲ ሰው ብቻ ነው አሉ። ሁለተኛው ዙር ገንዘብ በዚህ ሳምንት መሄድ አለበት፤ ፈራሚው ደግሞ እኔ ነኝ። የዜግነት ማመልከቻዬም ገና አላለቀም። ነገ «የፖለቲካ ገንዘብ ልከሃል» ብባልስ? የምታውቁ ንገሩኝ።

የሸዋ በር ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ! በአንድ ፎቶ ማን ምን ያደርግሃል? ላክና ተኛ።

ሂሳብ ሠራተኛው (ቨርጂኒያ)፦
«ላክና ተኛ» አይባልም። ማኅበራችን እዚህ የተመዘገበው 501ሲ3 ተብሎ፣ ከግብር ነፃ በጎ አድራጎት ሆኖ ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት እጩ መደገፍም መቃወምም ከ1954 ጀምሮ ክልክል ነው። መጋበዝ ይቻላል። ግን ለዚያ ወንበር የሚወዳደሩት ሁሉ እኩል ዕድል ማግኘት አለባቸው። ለእጩው መዋጮ አይሰበሰብም፤ «እሱን ምረጡ» አይባልም። ወደ ውጭ የምንልከው ገንዘብም ለታሰበለት ነገር መዋሉን የማረጋገጥ ግዴታ አለብን። ዊልቸር ካልን ዊልቸር ነው፤ የአዳራሽ ኪራይና ሳምቡሳ አይደለም።

የክለብ ወግም ቢሆን እንዲህ አይደለም። ሮታሪም ላየንስም ክለቦቻቸው እጩ እንዳይደግፉ በደንባቸው ይከለክላሉ። በኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ፓርቲ ከውጭ ዜጋ ገንዘብ መቀበል አይችልም። ግማሻችን ፓስፖርት ቀይረናል። ቢጫ ካርድ፣ ማለት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ የያዘ ሰው ቤት ቢሠራም ቢነግድም፣ መምረጥም መመረጥም አይችልም። ስለዚህ ደረሰኝ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ባነሩም ይውረድ። የዜግነቱን ነገር ጠበቃ ጠይቅ፤ እኔ የማውቀው ሂሳብ ነው።

የሙጋድ ልጅ (ስቶክሆልም)፦
እኔ እጩውንም ባነሩንም አላየሁ። ዓይኔ የሄደው መስኮቱ ላይ ነው። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ይታያል። ሆድ ባሰኝ፣ ወላሂ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ ድፍን የሚለው፣ ደሴ ስንገባ እናቴ ነጠላዋን የምትደርብልኝ ሁሉ ትዝ አለኝ።

እናቴ የቅሬዋ፣ የእድሯ ማለት ነው፣ ገንዘብ ያዥ ነበረች። ብሩን በመሐረብ ቋጥራ፣ መሐረቡን ጣሳ ውስጥ፣ ጣሳውን ጤፍ ውስጥ ትቀብረው ነበር። ለቅሶ ሲመጣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ድንኳን ይተክላል። ማንን መረጥክ የሚል የቅሬ ዳኛ አይቼ አላውቅም። አሁን ክለብ ሲባል ነው ይህ ሁሉ ጣጣ? ባለፈው ወር ለእህቴ የቤት ኪራይ ላክሁ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብሩ ሲቆጠር ብዙ ነው። አከራይዋም ዜና ይሰማል መሰለኝ፣ ወዲያው ጨመረባት።

ከደሴ ነኝ፦
እኔ ስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ ሳታዩ አትፍረዱ። እጩው ሳይጠራ አልመጣም። ሰብሳቢው «ስለ ከተማው ውሃ አስረዳን» ብሎ ነው የጋበዘው። ሰውዬው ግን ውሃውን በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ወደ ቅስቀሳው ገባ። ፊቱ የታሸገ ሃይላንድ ተደርድሯል። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ እሱስ ለእንግዳ ነው፤ የቧንቧው መቼ ነው?» ሲሉት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባነሩ ባለፈው ጊዜ ዊልቸር ስናድል የተሰቀለ ነው። ያወረደው የለም። ተንኮል አይደለም፣ ስንፍና ነው። ሌላውን እጩ ለምን አልጠራችሁም ካላችሁ ግን መልስ የለኝም።

የሸዋ በር ልጅ፦
ይኸው! አልኩህ እኮ። ስትልክ ግን በጥሬ ገንዘብ አትላክ። ከአሜሪካ በካሽ ለሚላክ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 1 በመቶ ታክስ አለ። ከባንክ ሂሳብህ ከላክህ የለብህም።

ሂሳብ ሠራተኛው፦
ስንፍናም ቢሆን ፎቶው ያው ፎቶ ነው። መርማሪ የሚያየው ሐሳብህን ሳይሆን ባነሩን ነው።

የቦርከና ልጅ (ዴንቨር)፦
ይቅርታ፣ እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ማኅበሩ የደሴና የኮምቦልቻ ነው ተብሎ ነው በየወሩ የምከፍለው። ዊልቸሩ ደሴ፣ ስብሰባው ደሴ፣ እጩው እንኳ ደሴ! ኮምቦልቻ ምን ደረሰው? አገር ቤት ስትሄዱ አውሮፕላኑ የሚያርፈው እኛ ጋ ነው። እዚያ ወርዳችሁ ሐረጎን ስትወጡ ትረሱናላችሁ።

የሸዋ በር ልጅ፦
ሆስፒታል ሪፈር ሲጻፍላችሁ የምትመጡት የት ሆነና? ለደሴ የተሰጠ ለእናንተም ነው።

የቦርከና ልጅ፦
ሪፈር የሚጻፍልን እዚያ ስለተሠራ፣ እዚህ ስላልተሠራ ነው እኮ! ሂሳቡ በዝርዝር ይውጣ። ሳይወጣ የዚህን ወር አልከፍልም።

የሙጋድ ልጅ፦
ኧረ ያረብ፣ ለዊልቸር እንዲህ አይባልም። ልጁ እኮ የጠየቀው ሌላ ነው።

ገንዘብ ያዡ፦
ደረሰኙን ዛሬ ጠይቄያለሁ። ባነሩን ለማውረድም ቃል ገብተዋል። ግን ሐሙስ ልላክ ወይስ ልቆይ? ጋሼ ሂሳብ ሠራተኛው፣ ቁርጡን ንገረኝ።

የቦርከና ልጅ፦
መጀመሪያ የኮምቦልቻው ጥያቄ ይመለስ።