ፖስትግሬስ ሁሌ 97 ላይ ለምን ይቆምብኛል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፓይተን የጻፍኩት ፕሮግራም የመጻሕፍት መዝገብ ከፋይል እያነበበ ወደ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ያስገባል። 97 መጽሐፍ ያለ ችግር ይገባል። 98ኛው ላይ «የቀረው የግንኙነት ቦታ ለሱፐርዩዘር የተያዘ ነው» የሚል ስህተት ይመጣል። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፤ ያው 97። የምገናኘው ፓይተንን ከፖስትግሬስ በሚያገናኘው ላይብረሪ፣ በሳይኮፒጂ 2 ነው። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አዲስ ግንኙነት እከፍታለሁ፤ ግን በፓይተን «ዊዝ» ትእዛዝ ውስጥ ስላስገባሁት ሲጨርስ ይዘጋል ብዬ ነው። ሁለት ሌሊት ሙሉ ታገልኩት፣ እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ ፖስትግሬስ ቅንብሩ ካልተነካ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው፤ ከዚያ ላይ 3ቱን ለሱፐርዩዘር (ሙሉ ሥልጣን ላለው አስተዳዳሪ) ያስቀራል። ስለዚህ የከፈትሻቸው 97ቱም አልተዘጉም። እኔንም በጊዜው ያሳሳተኝ ይኸው «ዊዝ» ነው። በሳይኮፒጂ 2 የሚዘጋው ትራንዛክሽኑ (አብሮ የሚጸና ወይም አብሮ የሚሰረዝ ሥራ) ነው፦ ስህተት ከሌለ ኮሚት (ማጽናት)፣ ካለ ሮልባክ (መሰረዝ) ያደርግና ግንኙነቱን ክፍት ትቶት ይወጣል። በሳይኮፒጂ 3 ግን ግንኙነቱም አብሮ ይዘጋል፤ የምታነቢው ማብራሪያ ለየትኛው እንደተጻፈ እይ።
አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ግንኙነቱን የያዘው ቫሪያብል ፈንክሽኑ ሲያልቅ ቢጠፋ ኖሮ ፓይተን ራሱ ያጸዳው ነበር። የሆነ ቦታ ይዘሽዋል። የት ነው?

ሌላ መልስ፦
100ውን 500 አድርጊውና ሥራሽን ቀጥይ።

መልስ፦
አደራ፣ እንዳታደርጊው! በፖስትግሬስ እያንዳንዱ ግንኙነት ሰርቨሩ ላይ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም) ነው፤ ሜሞሪ ይበላል። ደግሞም 98ኛው ላይ የቆመው 498ኛው ላይ ይቆማል እንጂ ምንም አይለወጥም።

ጠያቂዋ፦
አገኘሁት! «መጽሐፍ» ያልኩት ክላስ ግንኙነቱን ውስጡ ይዞታል፤ መጽሐፎቹን ደግሞ መጨረሻ ላይ ለመቁጠር ብዬ ሊስት ውስጥ አጠራቅማቸዋለሁ። ሊስቱ እስካለ ግንኙነቶቹም አሉ። አሁን ከሉፑ በፊት አንዴ ብቻ እከፍታለሁ፣ ክላሱ ስለ ዳታቤዙ ምንም አያውቅም፣ መዝጊያውን ክሎዝ ደግሞ ስህተት ቢመጣም ባይመጣም በሚሠራው «ፋይናሊ» ውስጥ ራሴ ጻፍኩት። ሁሉም ገባ፤ በየመጽሐፉ እንደ አዲስ መገናኘት ስለቀረ ፍጥነቱም ሌላ ሆኗል። እየሠራ ሳለ ክፍት ግንኙነቶችን የሚያሳየውን የፖስትግሬስ ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ጠየቅኩት፤ ከፕሮግራሜ የመጣው ግንኙነት አንድ ብቻ ነው። እግዜር ይስጥልኝ!

መልስ፦
እሰይ! ነገ ብዙ ሰው ባንዴ የሚጠቀምበት ዌብሳይት ብታደርጊው ግን አንድ ግንኙነት አይበቃሽም፤ ያኔ ኮኔክሽን ፑል (ተከፍተው የሚጠብቁ፣ እየተወሰዱ የሚመለሱ ግንኙነቶች ክምችት) ተጠቀሚ። ከፑሉ የወሰድሽውን መመለስ እንዳትረሺ፣ አለበለዚያ እዚያው ችግር ውስጥ ትገቢያለሽ።