አድቬንት ወይስ ጾመ ነቢያት? አውሮፓ ያላችሁ ካቶሊኮች እንዴት ነው የምታደርጉት?

የልደታ ልጅ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ውጭ አገር ያላችሁ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ቁምስናዬ (ደብሬ) ልደታ ነበር። አሁን ጀርመን ነኝ። ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው፣ ካቶሊክ ነው፣ ግን የላቲን (የሮም) ሥርዓት። ልጆቹም የተጠመቁት በሱ ሥርዓት ነው። እስከ ዛሬ ልጆቹ ነፍስ ስላላወቁ ሁሉንም እንደአመጣጡ እያለፍኩት ነበር፤ አሁን ግን ትልቋ ትጠይቃለች፣ ጠይቃም ዝም አትልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ጀመርኩ፣ እናቴ ቤት የለመድኩት ነው። ዘንድሮ ኅዳር 21፣ የጽዮን ዕለት፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 30 መሆኑ ነው፣ እዚህ ቁምስናችን የመጀመሪያውን የአድቬንት ሻማ ለኮሰ፤ አድቬንት ላቲኖቹ ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች የሚዘጋጁበት ጊዜ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት እስከ ገና የሚቆጥሩበትን የቸኮሌት ካላንደር መስኮት እየከፈቱ ይበላሉ። አማቴ በቅቤ የራሰ ብስኩት ቆርቆሮ ሞልታ ትልካለች፣ ካልቀመስኩላት ታኮርፋለች። ዲሴምበር 25 ለነሱ ገና ነው፣ ለኔ ታኅሣሥ 16 ነው፣ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀረዋል፤ እነሱ የተጠበሰ ዝይ ይቆርሳሉ፣ እኔ ድንቼን ይዤ እቀመጣለሁ። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ሥራ ገብቷል፣ ዛፉም ደጅ ተጥሏል። ዓምና ልጄ ምን አለችኝ፣ «ላንቺ ኢየሱስ ገና አልተወለደም እንዴ?»

የግዕዝ ቅዳሴ ያለበት ከተማ ከኛ በባቡር በጣም ሩቅ ነው፣ እሱም በየሳምንቱ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄዬ፦ የነሱን አድቬንት ብቻ ብከተል ኃጢአት ነው? ሁለቱንም መያዝ ይቻላል? ወይስ ሁለት ቦታ ቆሜ ልጆቼን እያምታታሁ ነው?

ማቲ፦

እህቴ አታካብጂው። ያለሽበት አገር ያለውን ያዢ። እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በፈረንጁ ነው የማከብረው፣ በታኅሣሥ 29 ለእናቴ ደውዬ እንኳን አደረሰሽ እላታለሁ፣ አለቀ። ልጆችሽ እዚህ ነው የሚኖሩት። የቤት ጦርነት በብስኩት አትጀምሪ 😄

አባ ሳልሆን ቀረሁ፦

ማቲ ያለው መልስ አጭር ነው፣ ግማሹ ልክ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔ ልሙላ። ጥቂት ዓመት ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ቆይቼ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ስጽፍ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

መጀመሪያ ሕጉን። እኛ የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊኮች የራሳችን የቀኖና መጽሐፍ አለን፣ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጁት። ቀኖና 882 የጾሙን አኳኋን ለየቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ይተወዋል። ቀጥሎ ያለው 883 የተጻፈው ላንቺ ነው ማለት ይቻላል፦ ከራሱ ቤተ ክርስቲያን ግዛት ውጭ የሚኖር ምእመን የሚኖርበትን ቦታ በዓላትና የንስሐ ቀናት ሙሉ በሙሉ መከተል ይችላል። እዚያው ላይ ይጨምርና፣ ባልና ሚስት ከተለያየ ሥርዓት ከሆኑ ቤተሰቡ የአንዱን ወይም የሌላውን ደንብ መያዝ ይፈቀድለታል ይላል። ስለዚህ ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ግን ልብ በይ፣ «ይችላል» ነው የሚለው፣ «አለበት» አይልም። ጾምሽን ተይ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም። ማቲ የዘለለው ይቺን ነው።

ሁለተኛው ነገር ለኔ ከሕጉ ይበልጣል። ሁለቱ ዘመናት የሚጣሉ የሚመስለን ቀኑን ብቻ ስለምናይ ነው። የዘንድሮን ካላንደር አውጥተሽ እዪው። የነሱ አራተኛ ሻማ የሚበራው ዲሴምበር 21 ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 12፣ እሑድ። ያ እሑድ በኛ ስብከት ነው፣ ከልደት በፊት ስም ካላቸው ሦስት እሑዶች የመጀመሪያው! እነሱ ሲጨርሱ እኛ እንጀምራለን። ታኅሣሥ 19 ብርሃን፣ ታኅሣሥ 26 ኖላዊ (እረኛ)፣ ከዚያ ልደት። ለልጆች ይሄን ማስረዳት ከባድ አይመስለኝም፤ አራተኛው ሻማ ሲበራ ስብከት ነው፣ ከዚያ ቤታችሁ ሁለት እሑድ ትጨምራለች፣ በቃ።

ጸሎቶቹንም አስተያዪ። የኛ የስብከት ምስባክ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) «ፈኑ እዴከ እምአርያም» ነው፣ እጅህን ከአርያም ላክ። ጀርመኖቹ በአድቬንት ገና ሳይነጋ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ ብቻ የሚቀድሱት ቅዳሴ አለ፣ ሮራቴ ይሉታል፣ ስሙን ያገኘው ከኢሳይያስ 45፥8 ነው፣ «ሰማያት ሆይ፣ ከላይ አንጠብጥቡ» ከሚለው። ሁለቱም ወደ ላይ አንጋጦ የሚጮህ ሰው ጸሎት ነው። በኖላዊ የምንለው የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ የሚለው መዝሙርም በላቲኖቹ አድቬንት ውስጥ አለ፣ የሦስት ዓመት ዑደት ስላላቸው ዘንድሮ እሑድ ላይ አይደርስሽም እንጂ። ሮራቴ ቁምስናችሁ ካለ አንድ ቀን ልጆቹን ቀስቅሰሽ ውሰጃቸው። በሌሊት ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ምን እንደሆነ ካንቺ የተሻለ የሚነግራቸው የለም። ብዙ ቦታ ከቅዳሴው በኋላ በአዳራሹ ቁርስ አለ፣ ዳቦና ማርመላታ ስለማይጠፋ ለጾመኛም ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበልና። የአድቬንት ሻማው ጥንታዊ የካቶሊክ ሥርዓት ነው ብለን ፈርተነው ከሆነ፣ አይደለም። ሐምቡርግ ውስጥ ድሆች ልጆችን የሚያሳድግ ቪኸርን የሚባል የፕሮቴስታንት የነገረ መለኮት ሰው ነው በ1839 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ልጆቹ ገና መቼ ነው እያሉ ሲያስቸግሩት የጋሪ ጎማ ላይ ሻማ ደረደረላቸው። ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚያው በ1839 አቡነ ያዕቆብ (ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ) አገራችን ገቡ። እሳቸው ናቸው ጣሊያን ሆነው ሳለ ላቲኑን ከመጫን የግዕዙን ሥርዓት የያዙት። ማለትም ጀርመኖቹ ከፕሮቴስታንት ሻማ ተውሰው ካላፈሩ፣ አንቺ ስብከትና ኖላዊን ቤትሽ ይዘሽ ብትገቢ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሶዶ፦

ወንድሜ ጥሩ ብለሃል፣ ግን አንድ ነገር ላስተካክል። ሁሌ «ላቲን ማለት ፈረንጅ» አድርጋችሁ ታወራላችሁ። እኛ ወላይታ ላቲን ነን! ሆሳዕናም፣ ሐዋሳም፣ መቂም እንደዚያው። ሐምራዊ ልብስ፣ ግሎሪያ የሚባለው የምስጋና መዝሙር የማይዘመርባቸው እሑዶች፣ ሦስተኛው እሑድ ላይ ሮዝ፣ ሁሉም አለ። ልደትን ግን የምናከብረው ታኅሣሥ 29 ከአገሩ ሰው ሁሉ ጋር ነው። ስለዚህ በኛ ቁምስና አድቬንት የሚገባው ታኅሣሥ ሲጀምር ነው። እኔ ጣሊያን ስመጣ የደነገጥኩት በሥርዓቱ አይደለም፣ ቅዳሴው ያው ነው፣ በቀኑ ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ ሁሉም ነገር አለቀ።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር የናፈቀኝ ሻማው አይደለም። ገጠር ያለው ጸሎት ቤታችን አባ በየሳምንቱ አይደርሱበትም፣ ካቴኪስቱ ነው ቃሉን አንብቦ የሚያስተምረው። በአድቬንት ግን አባ ለኑዛዜ ይመጡ ነበር፣ ያን ቀን ሰዉ ከየቀበሌው በእግሩ ይመጣል፣ ዛፍ ሥር ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል፣ የተጣላ ካለ ሽማግሌ መሀል ገብቶ ሳይታረቅ አይሰለፍም። እዚህ ኑዛዜ በቀጠሮ ነው። ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ቄሱ ደስ አላቸው፣ ብዙ ሰው አይመጣም መሰለኝ።

ፍሬ ዱባይ፦

አይ እናንተ፣ ዝይና ብስኩት ነው ጭንቃችሁ? እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው 😅 ዲሴምበር 25 እዚህ የሥራ ቀን ነው፣ ታኅሣሥ 29ም የሥራ ቀን ነው፣ ስለዚህ የቱ ነው የኔ ገና ብዬ አልጨነቅም፣ ማዳም የለቀቀችኝ ቀን ገናዬ ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ቅድስት ማርያም የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ከገና በፊት ያሉትን ዘጠኝ ቀናት ፊሊፒኖዎቹ ሲምባንግ ጋቢ የሚሉት ቅዳሴ አላቸው። አገራቸው ላይ ጎሕ ሳይቀድ ነው የሚቀደሰው፣ እዚህ ሥራ ስላለ ማታ ያደርጉታል። ሕዝቡ ሞልቶ ግቢው ውስጥ ነው የሚቆመው። ቋንቋው ባይገባኝም ዕረፍት ሳገኝ እሄዳለሁ። አጠገቤ ያለችውም እንደኔ ሰው ቤት የምትሠራ ናት፣ ልጆቿን ለእናቷ ትታ የመጣች። ድሮ እሑድ ዕረፍት ስላልነበረ የእሑዱን ቅዳሴ ዓርብ ነበር የምንቀድሰው፣ 2022 ላይ ነው የተቀየረው። ዓርብ ቀን «የእሑድ ቅዳሴ» ሄዶ የመጣ ሰው በቀን መቁጠሪያ አይጣላም እህቴ። አንቺ ቤት አለሽ፣ ልጆችሽ አጠገብሽ ናቸው። ሁለቱንም አክብሪ፣ እኔ ብሆን ሦስትም አከብር ነበር።

ወለተ ማርያም፦

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጣልቃ በመግባቴ ይቅርታ 🙏 እንዲያው እያነበብኩ ነበር። ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ እናንተም ጋ እንዳለ አላውቅም ነበር፣ ደስ አለኝ። ስለ ጾሙ ብቻ፦ ጀርመን ከሆንሽ እንደ ድሮው አትቸገሪም፣ ቪጋን የሚል ምልክት ያለበት ሁሉ የጾም ነው። ያለ ወተት የተሠራ የቸኮሌት ካላንደርም ሱፐርማርኬት አለ። እኔ ለልጆቼ እሱን ነው የምገዛው፣ እነሱም አይጎድልባቸው፣ እኔም አልቆጣ።

የልደታ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍሬ፣ አንቺን ሳነብ አፈርኩም ሳቅኩም።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ የቁምስናችንን ቄስ አናገርኳቸው። ሕንዳዊ ናቸው፣ ከኬረላ፣ እዚህ ጀርመን ብዙ ቁምስና ላይ የሕንድ ካህናት ናቸው ያሉት። ቀኖናውን ጠቅሼ ልጀምር ስል ሳቁ። እሳቸው ራሳቸው ለካ ሲሮ ማላባር ናቸው፣ የምሥራቅ ሥርዓት፣ ከዲሴምበር 1 ጀምሮ እስከ ልደት ድረስ ሥጋ አይበሉም፣ ጀርመኖቹ ጋ የላቲኑን ቅዳሴ ይቀድሳሉ፣ ቤታቸው የእናታቸውን ጾም ይጾማሉ። «ማንም አይቶብኝ አያውቅም» አሉኝ። ጃንዋሪ 4 ከቅዳሴ በኋላ ስለ ኖላዊ አምስት ደቂቃ ለልጆቹ እንድናገር ጠየቁኝ። እሺ አልኩ፣ አሁን በጀርመንኛ እረኛ ላይ ምን እንደምል እያሰብኩ ነው።

የቀረችኝ ጥያቄ አንዲት ናት። ዲሴምበር 25 ምሳው ላይ ምን ላድርግ? ጾሙን ልጹም ብዬ ወስኛለሁ፣ ግን አማቴ…

አባ ሳልሆን ቀረሁ፦

ምሳው ላይ ተቀመጪ፣ አብረሽ ዘምሪ፣ ስጦታውን ክፈቺ። ለሷ ዛሬ ልደት ነው፣ እንኳን አደረሰሽ በያት። ጾም ላይ መሆንሽን ግን አሁኑኑ፣ ቀደም ብለሽ ንገሪያት፣ በምሳው ሰዓት ሳህን እየገፋሽ አይሁን። ሰው የሚያኮርፈው ያበሰለው ሲመለስበት ነው። ቀዩ ጎመን ያለ ስብ እንዲሠራልሽ ጠይቂያት፣ ድንቹንም። ብስኩቷን ደግሞ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀምጪው፣ ታኅሣሥ 29 ከዶሮው በፊት ትበይዋለሽ፣ ፎቶም ላኪላት።

ማቲ፦

ዶሮ የሚሠራ ሰው ካለ እኔ ሁለቱንም ገና አከብራለሁ። የት ከተማ ነው ያላችሁት?

የልደታ ልጅ፦

ማቲ 😂 በርበሬ ካመጣህ አድራሻ በውስጥ መስመር እልካለሁ።