ማጅራቴ ተላጠ፦ ሁለት ካሜራ ለሚይዝ ሰው ምን ዓይነት ማንገቻ ይሻላል?

ባለሁለት ካሜራዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ተራ ሊመስል ይችላል፤ ግን ትናንት ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ማጅራቴ ላይ ሁለት ጣት የሚያክል ቀይ መስመር ስላየሁ ሳልጠይቅ አላድርም ብያለሁ።

የምሠራው ዝግጅት ነው፤ ሠርግ፣ ምረቃ፣ ስብሰባ። አንዴ ከቆምኩ ስምንት ሰዓት፣ ሲብስም አስር ሰዓት ነው። ሁለት ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ይዤ እዞራለሁ። አንዱ ላይ 24-70 ሌንስ፣ ሌላው ላይ ሩቁን የሚያቀርበው ትልቁ 70-200፣ ሁለቱም ብዙ ብርሃን የሚያስገቡ ኤፍ 2.8። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሒሳቡን ሠራሁት፦ አንዱ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) ከነባትሪውና ከነካርዱ 890 ግራም፣ ትልቁ ሌንስ 1,480፣ ትንሹ 805። ድምሩ አራት ኪሎ አለፈ። ፍላሹን አልቆጠርኩትም፤ መቁጠርም አልፈልግም።

መጀመሪያ የተጠቀምኩት ከካሜራው ጋር የመጣውን ነው። ይቆርጣል፤ በዚያ ላይ የካሜራው ስም በትልቁ ተጽፎበት ደረቴ ላይ ማስታወቂያ የለጠፍኩ ነው የሚመስለው። ከዚያ «ሰፊ ግዢ፣ ስፖንጅ ያለው ግዢ» ሲሉኝ ያንን የሚለጠጠውን፣ የጠላቂ ዋናተኛ ልብስ የሚሠራበትን ኒዮፕሪን የሚባለውን ገዛሁ። የመጀመሪያዋ ሰዓት ገነት ናት፤ ካሜራው ግማሽ ክብደቱን ቤት ትቶት የመጣ ይመስላል። ደረጃ መውረድ ስጀምር ግን ማንገቻው ይለጠጣል፣ ካሜራው ይዘላል፣ ሆዴን ይደልቀኛል። ሕፃን ላነሳ ጎንበስ ስል ደግሞ ሌላኛው ካሜራ ከጎኔ ተወርውሮ ፊቴ ይደርሳል። የ70-200ው ኮፍያ (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው መከለያ) ጠርዙ የተሰነጠቀው እንዲህ ከወንበር ጋር ተላትሞ ነው። ሁለቱንም አንገቴ ላይ ካደረግኳቸው ይጠላለፋሉ፤ አንዱን ሳነሳ ሌላው ተከትሎ ይመጣል።

ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራውን አቁሜ፣ በቁመት ነው የማነሳው። ያኔ ማንገቻው ተንሸራቶ ቪውፋይንደሩን፣ በዓይኔ የማይበትን መስኮት፣ ይጋርድብኛል።

ለራሴ ስወጣ የምይዛት ፉጂ ኤክስ100ቪ የምትባል ትንሽ ካሜራ አለች፤ 478 ግራም ብቻ። ለእሷስ? እባካችሁ የብራንድ ስም ብቻ ጥላችሁ አትለፉ፤ እንዴት እንደምትይዙት ንገሩኝ።

የፊልም ዘመን ሰው፦

እህቴ፣ ብራንድ አልልሽም። እስቲ ቃሉን ልብ በይው፤ ማንገቻ ነው የምንለው። ጠመንጃ ያነገተ ሰው አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥለው አይተሽ ታውቂያለሽ? ወይ ትከሻው ላይ ነው፣ ወይ ደረቱን አቋርጦ ጎኑ ላይ። አንገትሽ ራስሽን ተሸክሟል፤ ይበቃዋል። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ አንገቴ ላይ ሰቅዬ ስዞር ማንም አልነገረኝም። አሁን ቀና ለማለት ስፈልግ መጀመሪያ ፈቃድ የምጠይቀው ማጅራቴን ነው።

«ሰፊ ወይስ ቀጭን» ብለሽ አትጀምሪ። መጀመሪያ መመለስ ያለብሽ፣ ማንገቻው እንዲንሸራተት ነው ወይስ እንዳይንሸራተት የምትፈልጊው? አንድ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ለሚሄድ ሰው እንዳይንሸራተት ውስጡ ላስቲክ ያለው ይሻላል። ደረትን አቋርጦ ለሚያነግት ግን ተቃራኒው ነው፤ የመኪና የደህንነት ቀበቶን የመሰለ ልሙጥ ናይሎን ያስፈልገዋል፤ ካሜራውን ስታነሺ ማንገቻው ልብስሽ ላይ እየተንሸራተተ አብሮ እንዲመጣ። ያ የለጠጥሽው ኒዮፕሪን ልብስ ቆንጥጦ ይይዛል። ደረትሽን አቋርጠሽ ብታነግቺው ሸሚዝሽንም ጎትቶ ያነሳዋል።

ሌላም ዓይነት አለ። ማንገቻው ትከሻሽ ላይ ቁጭ ይላል፤ የሚሮጠው ካሜራው ነው፣ በቀለበት ማንገቻው ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ካሜራው በሆዱ በኩል ባለው የትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ) ቀዳዳ ስለሚታሰር ላይኛው ክፍል ነጻ ነው። አቁመሽ ስታነሺ ዓይንሽን የሚጋርድ ነገር አይኖርም። ላንቺ አያያዝ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል።

ርዝመቱን እንዲህ ለኪ፦ እጅሽን ዝም ብለሽ ወደ ታች ጣዪው። ክርንሽ ሳይታጠፍ የካሜራው መያዣ መዳፍሽ ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ ከረዘመ ጉልበትሽን እየመታ ይሄዳል፤ ካጠረ ጎድንሽ ላይ ተቀምጦ ሌንሱ ወደ ፊት ይሾላል፣ የምታልፊውን ሰው ሁሉ ይወጋል።

ስለ 70-200ው አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ከቦዲው ጆሮዎች (ማንገቻ ከሚታሰርባቸው ከጎንና ከጎን ካሉት ቀለበቶች) አታንጠልጥዪው። ክብደቱ ያለው ሌንሱ ላይ ነው። ቦዲውን አንጠልጥለሽ ሌንሱ ሲወዛወዝ ያን ሁሉ የሚችለው ሁለቱ የሚገናኙበት ቀለበት ነው። ሌንሱ የራሱ የትራይፖድ እግር አለው አይደል? በእሱ አንጠልጥዪው። ያኔ ሚዛኑ መሃል ላይ ይወድቅና ከዳሌሽ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል።

የሚቀጥለው ሥራሽ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱን ካሜራ ነገር ተከታተዪ፤ ስንት ደቂቃ ዓይንሽ ላይ ነበር፣ ስንት ሰዓት ተንጠልጥሎ ዋለ? ማንገቻ የሚሠራው ለተንጠለጠለበት ሰዓት ነው።

 

ደረጃ ላይ የወደቀበት፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ግን በሆዱ በኩል የሚታሰረውን ሲመክሩ ብሎኑን ሳይጠቅሱ አለፉት። እኔ ልጥቀሰው፤ ከፍዬበታለሁና።

ያ ብሎን ሩብ ኢንች ነው፤ እንደ ማንኛውም ብሎን ይፈታል። ካሜራውን ወደ ዓይንህ ባመጣህ፣ ባቆምከው፣ በመለስከው ቁጥር ትንሽ ትንሽ ያዞረዋል። በመሃል ያለችው የላስቲክ ቀለበት ስታረጅ ደግሞ መጨበጧን ትተዋለች። አንድ ቀን ደረጃ እየወጣሁ ትከሻዬ ድንገት ቀለለኝ። ደስ ይላል፣ አይደል? ከዚያ ድምፁን ሰማሁት። ሦስት ደረጃ ቆጥሬበታለሁ። ቦዲው ተረፈ፤ የሌንሱ መገጣጠሚያ ግን ተጣሞ ሁሉም ፎቶ በግራ በኩል ብዥ ማለት ጀመረ፤ አስጠገንኩት፣ እንደ ድሮው ግን አልሆነም።

አሁንም የምጠቀመው ያንኑ ዓይነት ማንገቻ ነው፤ ምቾቱን የሚያህል አላገኘሁም። ግን ሁለት ነገር ጨምሬያለሁ። አንደኛ፣ ከማንገቻው ወደ ቦዲው ጆሮ የምትሄድ አጭር የደህንነት ገመድ። ብሎኑ ቢፈታ ካሜራው ትንሽ ወርዶ ይንጠለጠላል እንጂ መሬት አይደርስም። ሁለተኛ፣ ባትሪ በቀየርኩ ቁጥር ብሎኑን በጣቴ እነካዋለሁ። ልማድ ሆኖብኝ አሁን የሰው ካሜራም እነካለሁ።

ሌላው ጣጣው፣ ትራይፖድ ስትፈልጊ ቀዳዳው ተይዟል፤ ፈትተሽ ነው የምትሰኪው። የማንገቻ መያዣ ያለው የትራይፖድ ሳህን (ካሜራው ሥር የሚታሰረው ጠፍጣፋ ማያያዣ) ካገኘሽ ሁለቱንም ያስታርቃል።

ባዶ አንገት፦

ማንገቻ የሚባል ነገር ጥያለሁ። መዳፍ ላይ የሚታሰር የእጅ ማሰሪያ ብቻ። ካሜራው ሁልጊዜ እጄ ላይ ስለሆነ ምንም አያመልጠኝም። ሞክሪው።

ባለሁለት ካሜራዋ፦

@ባዶ አንገት፣ ሁለት እጅ ነው ያለኝ፤ ሁለቱንም ለካሜራ ከሰጠሁ ፍላሹን ማን ያስተካክልልኛል? ለአንድ ካሜራ ግን ገባኝ።

@ጋሼ፣ «ማንገት» ያሉት ነገር ገርሞኛል፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። መቁጠሩን ቅዳሜ እሞክረዋለሁ።

ጠጉሯን የተያዘችው፦

እህቴ፣ ወንዶቹ የማያነሱትን እኔ ላንሳልሽ። ደረት የሚያቋርጥ ማንገቻ ለእኛ ሁልጊዜ አይመችም። መሃል ላይ ይቀመጥና ሸሚዙን ይሰበስባል፣ ወይ ደግሞ ወደ አንገት እየሸሸ ይመጣል፤ ከሸሸሽው ነገር ጋር ተመልሰሽ ትገናኛለሽ ማለት ነው። ሁለት ከሆኑማ ኤክስ ሠርተው ያፍኑሻል።

እኔ የምለብሰው እንደ ጀርባ ቦርሳ በሁለቱም ትከሻ የሚገባውን ነው፤ ካሜራዎቹ ግራና ቀኝ ዳሌ ላይ ይወርዳሉ። ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንገት ላይ ምንም የለም፣ መጠላለፍም የለም። ጉዳቱን አልደብቅሽም፤ ይሞቃል፣ ካፖርት ከለበስሽ በኋላ ማውለቁ ፈተና ነው፣ መጸዳጃ ቤት ስትሄጂ ደግሞ ሁለት ካሜራ ይዘሽ ነው የምትገቢው። ዘለበቱ ጀርባ ላይ ስለሆነ ጠጉርሽን ሰብስቢ። ስሜ ከዚያ የመጣ ነው።

አንዱ ካሜራ ብቻ ከከበደ ወገብ ላይ ቀበቶ ታጥቀሽ እዚያ የሚሰካውን አስቢበት፤ ዳሌ ከትከሻ ይልቅ ሸክም ይችላል።

ለፉጂዋ ግን አትጨነቂ። የእጅ አንጓ ገመድ፣ አለቀ። ፒክ ዲዛይን የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ስላይድ ላይት የተባለው ማንገቻ እንኳ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ነው፤ ለእሷ ይበዛባታል። ገመዱ ካሜራው ከእጅሽ ቢያመልጥ እንዳይወድቅ ነው እንጂ እንድታንጠለጥዪበት አይደለም። ገመዱ ከሚገባባት ከካሜራዋ ሦስት ማዕዘን ቀለበት በታች ያለችውን የቆዳ ቁራጭ አትጣያት፤ ቦዲው እንዳይጫር ናት።

ባለሁለት ካሜራዋ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ቆጠርኩ። የስድስት ሰዓት ሥራ ነበር። 70-200ው ዓይኔ ላይ የዋለው አርባ ደቂቃ ገደማ ነው፤ መድረኩ ላይ ንግግር ሲደረግና ቀለበት ሲደረግ ብቻ። የቀረውን አምስት ሰዓት ከምናምን ምንም ሳይሠራ ተንጠልጥሎ እኔን ሲቀጣኝ ነው የዋለው። እንደዚህ ያለ ሰነፍ ሠራተኛ ተሸክሜ ኖሬያለሁ!

ስለዚህ ከማንገቻው በፊት ሌንሱን ቀየርኩ። ለመድረኩ ሰዓት ብቻ 70-200ውን ከቦርሳ አወጣለሁ፣ እንደተመከርኩት በራሱ እግር አንጠልጥዬ። ከዚያ ውጪ ሁለተኛው ቦዲ ላይ ያለችው ትንሿ 85 ኤፍ 1.8 ሌንስ ናት፤ 425 ግራም። በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ በላይ ወረደልኝ። ኒዮፕሪኑ ለወንድሜ የጊታር ማንገቻ ሆኗል፤ እሱ ስለማይዘል ተስማምተዋል።

ባለሁለት ትከሻውን ከጓደኛዬ ተውሼ ለበስኩት። እህቴ እንዳልሽው ይሞቃል። ግን ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ማጅራቴ ላይ ምንም የለም። ትከሻዬ ደክሟል፤ ትከሻ ቢደክም ግን ለኔ ሥራ ሠርቻለሁ ማለት ነው። ደረጃውንም ሁለቱን በእጄ ሳልይዝ ወረድኩት። ጎንበስ ስል አሁንም ትንሽ ወደ ፊት ይመጣሉ፤ አንዱን በክርኔ መያዝ እየለመድኩ ነው። የደህንነት ገመዶቹንም አስሬያለሁ፤ ያቺ የሦስት ደረጃ ወሬ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ለፉጂዋ የእጅ ገመድ ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ከነፒክ ዲዛይኗ ክብ ማያያዣ። የማያያዣዋ ቀጭን ክር ጥቁር ነበረች፣ አሁን አንድ ቦታ ላይ ቢጫ ነገር ብቅ ብሏል። ቆሻሻ መስሎኝ ባጥበውም አልለቀቀም።

ደረጃ ላይ የወደቀበት፦

ቆሻሻ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ክር ነው። ጥቁሩ ሲያልቅ እንዲታይሽ ሆን ተብሎ ነው ሌላ ቀለም የተደረገው። ማያያዣዋን ዛሬውኑ ቀይሪ፤ እስክትቀይሪ ድረስ ካሜራዋን በእጅሽ ያዣት።