ኮሪያን «የቻይና ቅኝ ግዛት» ብለን እንጻፍ?

ቱሉዲምቱ_ንባብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ለሰፈራችን ንባብ ክፍል የኮሪያን ታሪክ ከ918 እስከ 1953 በግድግዳ ላይ በመስመር ልናሰፍር ነው። ወረቀቱ 3 ሜትር ነው። ጆሶን (የኮሪያ ሥርወ መንግሥት) ለቻይና ይገብር ስለነበር «ቅኝ ግዛት» እንበል? ዓመቱስ በእኛ ይሁን በፈረንጅ?

ብራና፦
መገበርና ቅኝ መገዛት አንድ አይደለም። ለእኛ ሰው የሚቀርበው የጅማው አባ ጅፋር ነው፤ ለምኒልክ ገብረው ንግሥናቸውን ይዘው ቆዩ። የጆሶን (1392–1910) ንጉሥም ሲነግሥ የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ያጸድቅለታል፣ መልእክተኞቹ ግብር ይዘው ቤጂንግ ይወርዳሉ፣ በምላሹ ስጦታ ተቀብለው ይመለሳሉ። ዳኝነቱ፣ ጦሩ፣ የአገር ውስጥ ግብሩ የራሱ ነው። ይህ ማለት ግን ውርደት አልነበረም ማለት አይደለም፤ በ1637 ንጉሥ ኢንጆ ተከብቦ ሲሸነፍ ለቺንግ (በኋላ ቻይናን ለያዘው የማንቹ ሥርወ መንግሥት) ሰግዶ ልጆቹን መያዣ ሰጥቷል።

የሞንጎሉ ዘመን ከዚህም ይከብዳል። ወረራው በ1231 ጀመረ፣ ቤተ መንግሥቱ በ1232 ወደ ጋንግህዋ ደሴት ሸሸ። ጎርዮ (ከጆሶን በፊት የነበረው የኮሪያ መንግሥት) እጅ ከሰጠ በኋላ አልጋ ወራሾቹ ሞንጎሎች ቤት እያደጉ የሞንጎል ልዕልት ያገቡ ነበር። ለዚህ ሌላ ቀለም ስጡት።

አንቀጽ17፦
«ቅኝ» የሚለውን ለጃፓን አስቀሩት። ከጃፓን ጋር የተፈረመው የ1876ቱ የጋንግህዋ ውል አንቀጽ 1 ኮሪያን «ነጻ አገር» ይላታል። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ከቺንግ እጅ ለማላቀቅ ነው። የ1905ቱ ውል ደግሞ የውጭ ግንኙነቷን ለጃፓን አስረከበ፤ ጣልያን በውጫሌ የፈለገው ይህንኑ ነበር። የኮሪያው ንጉሠ ነገሥት ጎጆንግ በ1907 ሦስት መልእክተኞች ሔግ ወደተደረገው የሰላም ጉባኤ ቢልክ የሚሰማቸው አጡ፤ ጃፓኖች እሱንም ከዙፋን አወረዱት፣ ሠራዊቱንም በተኑት። በ1910 ኮሪያ ወደ ጃፓን ተጠቀለለች።

መስመረኛ፦
1035 ዓመት በ3 ሜትር ላይ ካሰፈራችሁ ከ1876 ወዲህ ያለው 22 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይደርሰዋል፤ ጽሑፉ ይደራረባል። ሁለት መስመር አድርጉት። ላይኛው እስከ 1876፣ ለ100 ዓመት 20 ሴንቲ ሜትር፤ በድምሩ 192 ገደማ ይሆናል። ታችኛው ለአንድ ዓመት 3 ሴንቲ ሜትር፣ 231 ይመጣል።

ዓመቱን በፈረንጅ ጽፋችሁ የእኛን ከሥሩ አድርጉ። ስህተት የሚመጣው ሁሉንም በ8 ሲቀንሱ ነው። ኖቬምበር 17፣ 1905 ኅዳር 8፣ 1898 ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ስለሆነ የሚቀነሰው 7 ነው። ከ1896 በፊት ኮሪያ የምትቆጥረው በጨረቃ ስለነበር እዚያ ቀን አትጻፉ፣ ዓመቱ ይበቃል። ሌላ ወጥመድ፦ የ1919ኙ የኮሪያ የነጻነት ሰልፍና አድዋ ሁለቱም ማርች 1 ናቸው፤ በእኛ ግን አንዱ የካቲት 22፣ አድዋ 23 ነው።

ቱሉዲምቱ_ንባብ፦
እግዜር ይስጥልን። ቃኘው የት ይግባ?

መስመረኛ፦
ታችኛው ላይ 1951። ጁላይ 27፣ 1953 ላይ ግን «ጦርነቱ አበቃ» አትበሉ፤ የተፈረመው ተኩስ አቁም እንጂ የሰላም ውል አይደለም።