«መጣሁ» ብሎ የሚወጣ ሰው በእንግሊዝኛ ምን ይበል?

ጦሳ ሥር፦
ጤና ይስጥልን። ዛሬ አንድ ቃል ላይ እንነጋገር። ደሴ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ ስልኩ ሲጠራ ይነሳና «መጣሁ» ብሎ ይወጣል። ይህን በእንግሊዝኛ በል የተባለ ተማሪ ወይ «አይ ኬም» ይላል፣ ወይ «አይም ካሚንግ» ይላል። የመጀመሪያው መጥቶ ስለተቀመጠ ሰው የሚወራ ይመስላል። ሁለተኛው ደግሞ ጀርባን ሰጥቶ «እየመጣሁ ነው» ማለት ይሆናል። ትክክለኛው የቱ ነው? አማርኛውስ ገና ላልሆነ ነገር ያለፈ ጊዜ ለምን ይጠቀማል?

አምባሰል፦
ለሚወጣው ሰው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው። በወዳጆች መካከል «ባክ ኢን ኤ ሚኒት» ይበቃል። «ካሚንግ!» የሚባለው እናት ከጓዳ ስትጣራ «አቤት፣ መጣሁ» በምንልበት ቦታ ነው። መለያው እግር ወዴት እንደሚሄድ ነው። ተናጋሪው ወደ ሰሚው ከመጣ «ካሚንግ»፣ ከሰሚው ርቆ ሊመለስ ከሆነ ግን «ባክ» ያለበት አባባል ያስፈልጋል።

ያለፈ ጊዜውን በተመለከተ፣ አማርኛ አሁኑኑ የሚሆነውንና እርግጠኛ የሆነበትን ነገር እንደተፈጸመ ቆጥሮ ይናገራል። «መጣሁ» ብቻውን አይደለም። «በሉ ሄድኩ» ሲባል «አይም ኦፍ» ነው። መንገድ ላይ ያለ ሰው በስልክ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ሲል «አይም ኦልሞስት ዜር» ነው። «በረሃብ ሞትኩ» ደግሞ «አይም ስታርቪንግ»። እንግሊዝኛው በሦስቱም ያለፈ ጊዜን አይነካም፤ በአሁን ጊዜ ነው የሚናገረው። ተማሪ የግሱን ቅርጽ እያየ ሲተረጉም ይሳሳታል፤ ድርጊቱ ሆኗል ወይስ ሊሆን ነው ብሎ ከጠየቀ ይቀናዋል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። «ልወድቅ ነበር» የሚለውን «አይ ዋዝ ቱ ፎል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ያ «መውደቅ ነበረብኝ» ዓይነት ትርጉም ይሰጣል። ትክክሉ «አይ ኦልሞስት ፌል» ነው። «ልደውልልህ ነበር» ግን ሐሳብ ስለሆነ «አይ ዋዝ ጎዊንግ ቱ ኮል ዩ» ይሆናል። አማርኛው በአንድ ቅርጽ የያዘውን እንግሊዝኛው ለሁለት ይከፍለዋል፦ ያለፈቃድ ሊደርስ የነበረ ነገር በ«ኦልሞስት»፣ የታሰበ ነገር በ«ዋዝ ጎዊንግ ቱ»።

ከኮምቦልቻ፦
ጋሼ አምባሰል፣ እዚያው ላይ እያሉ ይህንንም ያስረዱን። «በልቻለሁ»፣ «ሄጃለሁ» ሁልጊዜ «ሃቭ» ካለው ግስ ጋር እኩል ነው ተብሎ ነው የሚሰጠን።

አምባሰል፦
ሁልጊዜ አይደለም፣ እህቴ። ጊዜው ካልተጠራ ይሄዳል፤ «በልቻለሁ» በእርግጥ «አይቭ ኢትን» ነው። ችግሩ የሚመጣው ያለቀ ጊዜ ሲጠራ ነው። አማርኛ «ትናንት ሐይቅ ሄጃለሁ»፣ «በ2012 ተመርቄያለሁ» ማለትን ይፈቅዳል። እንግሊዝኛ አይፈቅድም። «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ ወይም ዓመተ ምሕረት ከተጠራ ግሱ ተራ ያለፈ ጊዜ መሆን አለበት፦ «አይ ወንት ቱ ሐይቅ የስተርደይ»።

ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የሥራ ማመልከቻ ላይ ነው። «አይ ሃቭ ግራጁዌትድ ኢን 2012» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይሰናከላል። አንደኛ «ሃቭ» መውጣት አለበት። ሁለተኛ የውጭ ድርጅት ከሆነ ዓመቱ መለወጥ አለበት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በእነሱ አቆጣጠር 2020 ይጽፋል። ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገቡ ድረስ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ሰዓትም ያው ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» ለቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ሲጻፍ «8 ኤኤም» ነው።

«ደሴ ከመጣሁ 4 ዓመቴ ነው» ደግሞ በተቃራኒው «ሃቭ»ን ግድ ይላል፦ «አይቭ ቢን ኢን ደሴ ፎር ፎር ይርስ»። ነገሩ አላለቀምና። ሁለቱ «ፎር» ግን እኩል አይነበቡም። የመጀመሪያው ተውጦ «ፈ» ብቻ ይሆናል፤ ቁጥሩ ነው ጎልቶ የሚሰማው።

የሮሃ አስጎብኚ፦
እኔ ከላሊበላ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ጀማሪ አስጎብኚዎች ዘንድ ዘወትር የሚሰማ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ዚስ ኢዝ ዘ ቸርች ዛት ኪንግ ላሊበላ ቢልት ኢት»። መጨረሻ ላይ ያለው «ኢት» ከአማርኛው ተጎትቶ የመጣ ነው። «ያነጸው» ስንል መጨረሻው ላይ ያለው «ው» ቤተ ክርስቲያኑን ያመለክታል፤ ተማሪው እሱን «ኢት» ብሎ ይተረጉመዋል። እንግሊዝኛው «ዛት» ብሎ አንዴ ስለጠራው ሁለተኛ አይጠራውም። «የገዛሁት መጽሐፍ»ም ያው ነው፦ «ዘ ቡክ አይ ቦት»፣ አለቀ።

«ቢልት» የሚለውም ራሱ ለውቅር አይሆንም። መገንባት ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደር ነው። አስራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት ግን ካለው ዓለት ተቆርጠው የወጡ ናቸው። «ካርቭድ አውት ኦፍ ዘ ሮክ» ወይም «ሮክ ሂዩን» ነው የሚባለው። «ሂዩን» ላይ «ደብሊው» ፊደል ስላለ «ሄውን» ብለው የሚያነቡ አሉ፤ ልክ «ኒው» ሲባል እንደሚሰማው ይሁን።

አምባሰል፦
ግሩም ነገር ነው ያነሳኸው። ንጉሡ በእጁ አልወቀረምና «አሠራ» የሚለውን በትክክል ለማለት «ኪንግ ላሊበላ ሃድ ዘ ቸርችስ ካርቭድ» ይባላል። ይህ አሠራር ከታሪክ ወጥቶ ለዕለት ኑሮም ይጠቅማል። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ» የሚለውን «አይ ካት ማይ ሄር» ብሎ የሚናገር ሰው መቀስ ይዞ ራሱ እንደቆረጠ ነው የሚናገረው። «አይ ሃድ ማይ ሄር ካት» ይበል። «ስልኬን አሠራሁ» ማለት «አይ ሃድ ማይ ፎን ፊክስት» ነው። «ቀሚስ አሰፋሁ» ማለት «አይ ሃድ ኤ ድሬስ ሜድ» ነው። ቅደም ተከተሉን አትዘንጉ፦ «ሃድ»፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ መጨረሻ ላይ ግሱ በሦስተኛ ቅርጹ። አማርኛ «አ» እና «አስ» ጨምሮ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን እንግሊዝኛ በሦስት ቦታ ይበትነዋል።

ሐይቅ ዳር፦
ሰዋስው ላይ ብቻ አትቅሩ፤ አነጋገሩም የራሱ ጣጣ አለው። ከሁሉ የሚያስቸግረን ማጥበቅ ነው። እኛ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ትርጉም ስለሚሰጠን፣ በእንግሊዝኛ ድርብ ፊደል ስናይ እናጠብቃለን። «ሐፒ»፣ «ሰመር»፣ «ቤተር» ላይ መሀሉን ተጭነን እንናገራለን። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ውስጥ እንዲህ አያጠብቅም። ድርብ ፊደሉ የሚነግረን ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ነው። «ፒ» አንድ ብቻ ሲሆን «ሆውፒንግ» ነው፣ ተስፋ ማድረግ። «ፒ» ሁለት ሲሆን «ሆፒንግ» ነው፣ በአንድ እግር መዝለል። ተነባቢው በሁለቱም አይጠብቅም፤ የሚለወጠው አናባቢው ነው። «ዳይነር» እና «ዲነር»ም እንዲሁ።

ማጥበቅ የምንችለው በሁለት ቃላት መገናኛ ላይ ነው። «ጉድ ደይ»፣ «ባስ ስቶፕ»፣ «ብላክ ኮት» ሲባል የሁለቱ ቃላት ተመሳሳይ ድምፆች ተገናኝተው እንደኛ ጠብቀው ይነገራሉ። እዚያ ላይ ተማሪዎቻችን ብዙ ሌላ ሰው የሚቸገርበትን ያለ ድካም ያወጡታል።

ሌላው ያለፈ ጊዜ መጨረሻ ነው። «ኢዲ» የተጻፈበት ቦታ ሁሉ «እድ» አይባልም። ግሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ካለቀ ብቻ ተጨማሪ ምት አለው፦ «ዋን-ቲድ»፣ «ኒ-ዲድ»። በ«ፕ»፣ «ክ»፣ «ፍ»፣ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ች» ካለቀ «ት» ብቻ ነው፦ «ስቶፕት»፣ «ወርክት»፣ «ዋሽት»። በቀረው ሁሉ «ድ» ነው፦ «ፕሌይድ»፣ «ኮልድ»። እኛ «ስቶፐድ»፣ «ወርከድ» የምንለው ሁለት ተነባቢ ሲደራረብ አማርኛ መሀላቸው ትንሽ አናባቢ ስለሚያስገባ ነው። መፍትሔው ቀጣዩን ቃል በአናባቢ የሚጀምር አድርጎ «ት»ን ወደዚያ መግፋት ነው። «ስቶፕት ኢት» የሚለውን «ስቶፕ-ቲት» ብለው ይለማመዱ። «ወርክት ኦል ደይ» ደግሞ «ወርክ-ቶል ደይ»። ምላስ ሲለምድ ቃሉን ብቻውን ማውጣት ይቀላል።

በተመሳሳይ «እስኩል»፣ «እስፖርት» የሚሉ ከሆነ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል «ስስስ» ብለው ሳያቋርጡ «ኩል»ን ይቀጥሉ። የድምፅ መጀመሪያው «እ» ከሆነ በስልክ ቀድተው ሲያዳምጡት ወዲያው ይታወቃል።

ከኮምቦልቻ፦
«ካን» እና «ካንት»ንስ ሰዎች ለምን ያምታቱብናል? «እችላለሁ» ብለን «አትችልም እንዴ?» ይሉናል።

ሐይቅ ዳር፦
ሁሉንም ቃል እኩል ስለምንጫን ነው። «አይ ካን ጎ» ሲባል «ካን» ተውጦ «ክን» ይሆናል፤ ክብደቱ «ጎ» ላይ ነው። «ካንት» ግን ሁልጊዜ ሙሉ አናባቢ አለው፣ ክብደትም ይዞ ነው የሚነገረው። መጨረሻው ላይ ያለው «ት» በፍጥነት ሲነገር ስለሚጠፋ ሰሚው የሚለየው በክብደቱ ነው። «ካን»ን ከተጫንነው «ካንት» ብሎ ይሰማዋል።

በነገራችን ላይ ከላይ «ዜር»፣ «ዚስ»፣ «ዛት» እያልን የጻፍነው ለ«ቲኤች» ድምፅ ፊደል ስለሌለን ነው። የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ትንሽ ወጥቶ አየር ሊያልፍ ይገባል። መስታወት ፊት ቆመው ምላሱ ካልታየዎት ገና ነው። ጉሮሮዎን ሲነኩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ «ዚስ» ነው፤ ካልተንቀጠቀጠ «ቲንክ»። ምላስ ውስጥ ከቀረ ሰሚው «ሲንክ» ብሎ ይሰማና ስለ መስመጥ ያወራችሁ ይመስለዋል።

የሮሃ አስጎብኚ፦
«ላሊበላ ስንተኛው ንጉሥ ነው?» ለሚለው ደግሞ አንድ ቃል ያለው ሰው ካለ ይንገረን።

አምባሰል፦
«ስንተኛ» በእንግሊዝኛ አንድ ቃል የለውም። «ሃው ሜኒኤዝ» ብለው የሚፈጥሩ አሉ፤ ማንም አይረዳውም። ጥያቄው ይዞራል። ስለ ነገሥታት ከሆነ «ሃው ሜኒ ኪንግስ ሩልድ ቢፎር ሂም?» ተብሎ ይጠየቅና መልሱ ላይ አንድ ይደመራል። «ለቤቱ ስንተኛ ልጅ ነህ?» ከሆነ «አር ዩ ዘ ኦልደስት?» ወይም «ዌር ዱ ዩ ካም ኢን ዘ ፋሚሊ?» ይባላል። «ከክፍል ስንተኛ ወጣህ?» ለሚለው «ዋት ወዝ ዮር ራንክ?» ይሄዳል።

ጦሳ ሥር፦
እኛ ወሎ ላይ በቀን ስንቴ «አብሽር» እንደምንል ታውቃላችሁ። እሱንም አንድ በሉን።

አምባሰል፦
«አብሽር» ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ ከምሥራች ጋር ይገናኛል። እኛ ዘንድ «አይዞህ» በሚባልበት ቦታ ሁሉ ይገባል፤ እንግሊዝኛው ግን እንደ ሁኔታው ይለያያል። ፈተና ለሚገባ «ዩል ቢ ፋይን»። ረጅም ችግር ውስጥ ላለ «ሃንግ ኢን ዜር»። «አብሽር፣ እኔ አለሁ» ለማለት «ዶንት ወሪ፣ አይል ሄልፕ ዩ»። ልቅሶ ቤት ግን አንዳቸውም አይሆኑም። እዚያ «አይም ሶ ሶሪ ፎር ዮር ሎስ» ብቻ ነው። «ቢ ስትሮንግ» ማለት ለእኛ ማጽናናት ነው፣ ለብዙዎቹ ግን «አታልቅስ» የሚል ትእዛዝ ሊመስል ይችላል።

ከዚሁ ጋር ሁለት ቃል ልጥቀስ። «ኢንቫይት ላድርግህ» ብለን ሒሳብ እንከፍላለን። «ኢንቫይት» መጥራት ብቻ ነው። መክፈል ከሆነ «ኢትስ ኦን ሚ» በሉ። «ሼም ነው»ም አሳፋሪ ማለታችን ነው፤ «ኢትስ ኤ ሼም» ግን «ያሳዝናል» ነው። አንድ ሰው ሠርግ መምጣት እንዳልቻለ ሲነግረን የምንለው ነው።

ከኮምቦልቻ፦
«ምሳ አልበላሽም?» ተብዬ ካልበላሁ «የስ» ነው «ኖ»?

ሐይቅ ዳር፦
«ኖ፣ አይ ሃቭንት»። አማርኛ «አዎ፣ አልበላሁም» ብሎ ከጠያቂው አነጋገር ጋር ይስማማል። እንግሊዝኛ የሚያየው ሐቁን ነው፦ ካልበላሽ «ኖ»፣ ከበላሽ «የስ»፣ ጥያቄው እንዴትም ይቅረብ። ለጊዜው ግራ ከገባሽ የመጀመሪያውን ቃል ትተሽ ሁለተኛውን ብቻ ተናገሪ፤ «አይ ሃቭንት» ካልሽ ማንም አይሳሳትም።

ጦሳ ሥር፦
እስቲ ይህን ያርሙልኝ፣ ጋሼ። «ትናንት ወልድያ ጫማዬን አሠራሁ፤ ማሰሪያው ሊበጠስ ነበር» ለማለት፦ «አይ ሃቭ ሜንድድ ማይ ሹስ ኢን ወልድያ የስተርደይ፤ ዘ ስትራፕ ዋዝ ቱ ብሬክ»።

አምባሰል፦
«አይ ሃድ ማይ ሹስ ሜንድድ ኢን ወልድያ የስተርደይ፤ ዘ ስትራፕ ዋዝ አባውት ቱ ብሬክ»። «የስተርደይ» ስላለ «ሃቭ» ወጣ፤ የሠራው ሊስትሮው ስለሆነ «ሜንድድ» ከጫማው በኋላ ሄደ። እዚህ «ኦልሞስት ብሮክ» ቢባልም አያስነቅፍም፤ ግን ማሰሪያው አልቆ ገና በመበጠስ ላይ ስለነበር «አባውት ቱ» ይሻላል። «ሜንድድ» በ«ድ» ከሚያልቁት ነውና «ሜን-ዲድ» በል፣ ሁለት ምት።