የመብራት ሒሳብንም የከሰል ጭስንም በአነስተኛ ወጪ መቀነስ እንዴት ይቻላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም የምንኖር አምስት የቤተሰብ አባላት ነን። እንጀራ በሳምንት ሁለት ጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጋግራለን፤ ወጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ቡናና ንፍሮ ደግሞ በከሰል እንሠራለን። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለ ሄደ ወጡንም ወደ ከሰል ለመመለስ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ትልቋ ልጄ ከሰል ደን እንደሚያስጨርስና አየር እንደሚበክል በትምህርት ቤት ተምራ ስለ መጣች አጥብቃ ተቃወመችኝ። ውድ ዕቃ ለመግዛት አቅማችን አይፈቅድም። ከየት ብንጀምር ይሻላል?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያ

እህቴ፣ ልጅዎ ትክክል ናት። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብና ግልገል ጊቤ ሦስት ከውኃ፣ የአዳማው ጣቢያ ደግሞ ከነፋስ ያመነጫሉ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ መቆጠብ ሒሳብዎን ይቀንሳል እንጂ ወደ አየር በሚለቀቀው ካርቦን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ከሰል ግን በተለመደው መንገድ በአፈር ተዳፍኖ ሲከሰል ለአንድ ኪሎ አምስት ኪሎና ከዚያም በላይ እንጨት ይፈጃል፤ ጭሱም የሚጀምረው ገና እርስዎ ቤት ሳይደርስ ነው። ወጡን ወደ ከሰል ቢመልሱ የመብራቱ ሒሳብ ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን የከሰሉ ወጪ ይጨምራል፣ ጉዳቱም ይብሳል።

ለሒሳቡ በመጀመሪያ ቆጣሪዎን ያንብቡ። ከመጋገርዎ በፊትና በኋላ ቁጥሩን ቢጽፉ ምጣዱ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደ በላ ያለ ባለሙያ ያውቁታል። ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ ሁለት ሰዓት ሲሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ያንኑ ያህል ለመፍጀት ከ700 ሰዓት በላይ መብራት አለበት። እንግዲህ አምፖል ለማጥፋት ልጆችን ከመቆጣት ይልቅ ምጣዱ ላይ ማተኮር ይበልጣል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ካለ ግን ዛሬውኑ ይቀየር።

መልስ፦ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት

ስለ ምጣድ እኔ ልንገርሽ፣ ልጄ። ምጣዱ እስኪግል የሚፈጀው ኃይል አንድም እንጀራ ሳይወጣ የሚሄድ ስለሆነ፣ አብሲቱ ተጨምሮ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ማሰሻውና ሰፌዱ አጠገብሽ ተዘጋጅቶ ሳያልቅ ምጣዱን አትለኩሽ። ምጣዱ ግሎ ሊጥ የምትፈልጊ ከሆነ ቆጣሪው በከንቱ ይሮጣል። አክንባሎው በደንብ የማይገጥም ከሆነ እንፋሎቱ በጎን እያመለጠ እንጀራው ስለሚዘገይ ሌላ ለውጪበት። ዓይን ማውጣት ሲጀምር ቶሎ መክደን ነው፤ እየከፈቱ ማየት ሙቀቱን ይሰርቃል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ከማስፋትሽ በፊት ማብሪያውን አጥፊው፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይበቃቸዋል። የመጨረሻው ትንሽ ፈዘዝ ቢል ለፍርፍር ይሆናል።

በሳምንት አንዴ ብቻ ጋግሪ አልልሽም፣ እንጀራው ይሻግታልና። ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምጣድ፣ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ብትቀጥል ግን ሁለተኛው ማጋያ ይቀራል። የቆጣሪውን ሒሳብ አስቀድማችሁ ተስማሙበት።

መልስ፦ ከደብረ ብርሃን

ንፍሮውን በተመለከተ፣ ሽምብራውና ባቄላው ሌሊቱን በውኃ ቢዘፈዘፍ የማብሰያው ጊዜ በእጅጉ ያጥራል፤ ይህ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ገንዘብ ሲገኝ ለአንድ ነገር ብቻ አውጡ ብባል ፕሬዠር ኩከር እመርጣለሁ።

ለቡናው መቀመጫዋ ዝርግ የሆነች ጀበና ገዝተው በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉ። ባለ 1,000 ዋት ምድጃ ለግማሽ ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚወስደው፤ ከሰሉ ግን ቡናው ካለቀም በኋላ ዝም ብሎ ይነዳል። ለዕጣኑ አንዲት ፍም ትበቃለች። መብራት ሲጠፋ ከሰል ማቀጣጠል ግድ ስለሚሆን፣ በቆርቆሮው ምድጃ ፈንታ ውስጧ ሸክላ የሆነችውን «ላቀች» የምትባለውን የከሰል ምድጃ ይያዙ፤ ሙቀቱን ስለምትይዝ ያንኑ ወጥ ባነሰ ከሰል ታበስላለች። መስኮትና በር ዘግቶ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የከሰል ጢስ ሽታው ሳይሰማ ሰው ይገድላል።

ገጠር ያሉ ዘመዶችዎ በሦስት ጉልቻ የሚጋግሩ ከሆነ ደግሞ ከሲሚንቶ የሚሠራውን «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ይንገሯቸው። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚዘጋው ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጋጋሪዋንም ከወላፈኑ ያድናታል። የእናቴ ዓይን ከጭስ ያረፈው በእሱ ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎረቤቴን ዛሬ አነጋግራታለሁ። አንድ የቀረኝ የውኃ ማሞቂያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ በርቶ ይውላል። ማብራት ማጥፋቱ ይበልጥ ይፈጃል የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያ

እውነት አይደለም። ሃምሳ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ሲበራ ግን በርሜሉ የሚያባክነውን ሙቀት ደግሞ ደጋግሞ ይተካል። ከመታጠባችሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በፊት አብሩት፣ ተራ በተራ ሳታቋርጡ ታጠቡ፣ ከዚያ አጥፉት። በተረፈ ቆጣሪውን ከሌላ ቤተሰብ ጋር የምትጋሩ ከሆነ፣ የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ስለሚል ሁለታችሁም በማይገባችሁ ደረጃ ትከፍላላችሁና ለየብቻ ለማስገባት አመልክቱ።